የእሳት አደጋ ሠራተኛን ልብ የሚፈትነው ምንድነው?

በአሜሪካ ሥራ ላይ እያሉ ከሚሞቱት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ብዙዎቹን የሚገድላቸው የልብ ሕመም ነው። ቃጠሎ ቢመስለን አይፈረድብንም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰውየው ተኝቷል፤ ደወሉ ይጮኻል፤ የልብ ምቱ ወዲያው ያሻቅባል። ከ20 ኪሎ በላይ የሚመዝን ልብስና መሣሪያ ተሸክሞ ደረጃ ይወጣል። (ጀርባው ላይ ያለውን ሲሊንደር ብዙዎቻችን ኦክስጅን እንለዋለን እንጂ የታመቀ አየር ነው።) ወፍራሙ ልብስ ሙቀት ስለማያስወጣ ላቡ ይንዠቀዠቃል፣ ደሙ ይወፍራል። ደም ሥሩ አስቀድሞ የጠበበ ከሆነ አደጋው እዚህ ጋ ነው።

ስለዚህ ጡንቻ ብቻ ማሳበጥ አይበቃም፤ ትንፋሽ ያስፈልጋል። እዚያው አሜሪካ ብዙ ቦታ የሚሰጠው የቅጥር ፈተና የሚጀምረው 34 ኪሎ ገደማ ተሸክሞ 3 ደቂቃ ደረጃ በመውጣት ነው። ሩጫና ሸክም ይዞ ደረጃ መውጣት ለዚህ ያዘጋጃል።

ምግቡስ? ለኛ አገር ተረኛ ምስር፣ ሽሮና ጎመን ጥሩ ናቸው፤ ዘይቱና ጨው ካልበዛ። የሚጎዳው እኩለ ሌሊት ላይ የሚበላው ቅባታም ጥብስና እንቅልፍ ለማባረር የሚደጋገመው ለስላሳ ነው። ውሃ ደግሞ ሳይጠማ፣ ከጥሪው በፊት ነው የሚጠጣው።