«ቆሞ የኖረ ነው» ለሚሏችሁ

«አሮጌ ነው፤ ግን ብዙ ኪሎ ሜትር አልሄደም፣ ቆሞ የኖረ ነው» ይላል ደላላው። ገዢውም ደስ ይለዋል። በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ይህ ወሬ ጆሮ አላጣም። እንዲህ ከሚወራላቸው አንዱ ጣሪያው የሚገፈፍ አሮጌ መኪና ነው፤ እኛ ዘንድ እሱ ሲባል ባለሸራው ላንድሮቨር ወይም በደርግ ዘመን ከሶቭየት ኅብረት የመጣው ዋዝ ነው። ኪሎ ሜትር ቆጣሪው ግን የጎማ ዙር እንጂ ክረምት አይቆጥርም። ሺሺንዳ ላይ ደጅ የቆመ መኪና ስንት ዝናብ እንደወረደበት የካፋ ሰው አይነገረውም።

የሸራውን ስፌት እዩ፤ ምንጣፉን ገልጣችሁ ወለሉን በእጃችሁ ዳስሱ። ጎማው ጎን ላይ ባለ አራት አኃዝ ቁጥር አለ፤ 2315 ቢል በ2015 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ይህ ሁሉ በዐይን ይታያል፤ አልፈዋለሁ።

የማይታየው የፍሬን ዘይት ነው። ዘይት እንለዋለን እንጂ አብዛኛው ግላይኮል ከሚባል ውህድ የሚሠራ ነው (የሞተር ዘይት የጨመረበት ሰው ጎሚኒውን፣ ማለትም የጎማ ማሸጊያውን፣ ያሳብጣል)። ግላይኮል ክረምት ላይ ክዳኑ እንደተረሳ ጨው ነው፤ እርጥበትን ከአየር ይስባል። እርጥበቱ በጎማ ቱቦዎቹና በማጠራቀሚያው ክዳን በኩል ቀስ እያለ ይገባል፤ መኪናው ተነዳ አልተነዳ ግድ የለውም። ዶት 3 በሚባለው መስፈርት የተሠራው ዘይት አዲስ ሳለ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሳይፈላ መቆየት አለበት። 3.7 በመቶ ያህል ውሃ ሲገባበት ግን መስፈርቱ ራሱ የሚጠይቀው 140 ብቻ ነው። ዶት 4 ደግሞ ከ230 ወደ 155 ይወርዳል።

አሁን ከቦንጋ ወደ ጎጀብ ወንዝ በሚወስደው ቁልቁለት ፍሬን እየረገጣችሁ ውረዱ። የፍሬን ሸራው ሲፋጭ ይግላል፤ ሙቀቱ ወደ ሲሊንደሩ ያልፋል፤ ውሃ የጠጣው ዘይት ፈልቶ እንፋሎት ይፈጥራል። ፈሳሽ ሲጫኑት አይጨመቅም፣ እንፋሎት ግን ይጨመቃል። ስለዚህ እግራችሁ ፔዳሉን እስከ ወለሉ ይዞት ይወርዳል፣ መኪናው ግን አይቆምም። ዜናው «ፍሬን እምቢ ብሎት» ብሎ ያልፋል፤ ለምን እምቢ እንዳለ ብዙም አይጠየቅም። ያው ውሃ ቆሞ በኖረ መኪና ላይ ሲሊንደሩን ከውስጥ ያዝገዋል፤ ፒስተኑም ይነክሳል።

እዚህ ላይ መካኒኮች ይከራከሩኛል፤ ሁሉም አልተሳሳቱም። ብዙ አምራቾች ዘይቱ በየሁለት ዓመቱ ይቀየር ይላሉ፤ ቱቦው ጥሩ ከሆነና አየሩ ደረቅ ከሆነ ከዚያ በላይ ሊቆይ ይችላል። መልኩ መጥቆሩ ብቻውን ውሃ መግባቱን አያረጋግጥም፤ መጥራቱም ውሃ የለበትም አያሰኝም። በብዕር መልክ የሚሸጠው መለኪያ የኤሌክትሪክ አስተላላፊነትን ስለሚለካ በዘይቱ ዓይነት ይሳሳታል። ሲሊኮን የሆነው ዶት 5 ውሃ አይጠጣም፣ የገባው ውሃ ግን ሳይቀላቀል ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ይጠራቀማል።

ዋጋ ስትቆርጡ ሙሉ የዘይት ቅያሬውንና የአራቱንም እግር ሲሊንደር ጎሚኒ ቀንሱ። ወደ ጎጀብ መውረዱ ከዚያ በኋላ ነው።