የፈረሰ ውልና ያረጀ ሄሊኮፕተር

አንድ ገበሬ በርና መስኮት እንዲሠራለት ከአናጢ ጋር ተዋዋለ እንበል። ቀብድም ከፈለ። አናጢው እንጨት ገዛ፤ ሰነጠቀ፤ ላገ። በዚህ መካከል ገበሬው ገንዘብ አጠረውና «ተወው፤ ይቅርብኝ» አለ። ታዲያ አናጢው ዝም ብሎ ይሄዳል? አይሄድም። የእንጨቱንና የድካሙን ዋጋ ይጠይቃል። ገበሬው ይከፍላል፤ አሮጌው በር ግን እንደተንጋደደ ይቀራል።

መንግሥታትም እንዲህ ያለ ነገር ይገጥማቸዋል። ለሠራዊታቸው ያዘዙትን ዕቃ ሲቀንሱ ወይም ሲሰርዙ ሂሳብ ይመጣባቸዋል። ለምሳሌ የካናዳን ነገር እንመልከት። ዓመቶቹን የምንጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ካናዳ በሰሜን አሜሪካ የምትገኝ በጣም ሰፊ አገር ናት። ከባሕር ኃይሏ መርከቦች ላይ የሚነሱ ሄሊኮፕተሮች አሏት። ሄሊኮፕተር በአናቱ ላይ በሚሽከረከር ክንፍ ይበራል፤ እንደ አውሮፕላን መንደርደሪያ ሜዳ አይፈልግም። ከ1963 ጀምሮ ካናዳ የምትጠቀምበት ሲ ኪንግ የሚባለው ነበር። በባሕር ውስጥ የሚሄዱ ሰርጓጅ መርከቦችን ይፈልጋል፤ ሰውና ስንቅ ያመላልሳል። በ1993 በጎረቤታችን በሶማሊያም ለካናዳ ወታደሮች ሠርቷል።

ሲ ኪንግ እያረጀ ሲሄድ መንግሥት በ1992 ሃምሳ አዳዲስ ሄሊኮፕተሮች ለመግዛት ወሰነ። 35ቱ ለመርከቦች፣ 15ቱ ለነፍስ አድን ሥራ ነበሩ። ዋጋው 5.8 ቢሊዮን የካናዳ ዶላር ሆነ። አንድ ቢሊዮን ማለት ሺህ ጊዜ ሚሊዮን ነው።

ሕዝቡ አጉረመረመ። መንግሥት ብዙ ዕዳ ነበረበት። ደግሞም ሶቪየት ኅብረት በ1991 ስለፈረሰች «ከእንግዲህ የማንን ሰርጓጅ መርከብ ነው የምናሳድደው?» የሚል ጥያቄ ተነሣ። መንግሥት በ1993 ትእዛዙን ወደ 43 ዝቅ አደረገ። ይህም አላዳነውም። ተቃዋሚው ዣን ክሬትየን «እኔ ከተመረጥሁ ውሉን አፈርሳለሁ» ብለው ቃል ገቡ፤ አሸነፉ፤ ሥልጣን እንደያዙም አፈረሱት።

ከዚያ የአናጢው ሂሳብ መጣ። ፋብሪካዎቹ ሥራ ጀምረው ስለነበር ውሉን ለማፍረስ ወደ 478 ሚሊዮን ዶላር ወጣ። በዚህ ሁሉ ገንዘብ አንድም ሄሊኮፕተር አልተገኘም።

አሮጌው ሲ ኪንግም ሥራውን ቀጠለ። ያረጀ መኪና ያለው ሰው ይሄን ያውቀዋል፤ ከሚነዳበት ቀን የሚጠገንበት ይበዛል። ለአንድ ሰዓት በረራ ወደ ሠላሳ ሰዓት የሚደርስ የጥገና ሥራ ያስፈልገው ነበር። በ2003 አንዱ ሲ ኪንግ ከመርከብ ላይ ሲነሣ እዚያው ወለሉ ላይ ወደቀ። ሰው አልሞተም፤ ነገር ግን ረጅም ጉዞ የጀመረችው መርከብ ወደ ወደቧ ለመመለስ ተገደደች።

የሚገርመው ደግሞ ይህ ነው። በ1998 ያው መንግሥት ለነፍስ አድን ሥራ 15 ሄሊኮፕተሮች አዘዘ። ዓይነታቸው ያው የተሰረዘው ነበር፤ ስማቸው ግን ተለወጠ። ለመርከቦቹ ደግሞ በ2004 ሌላ ዓይነት 28 ታዘዙ። በ2008 ይደርሳሉ ተብሎ ነበር፤ ካናዳ የመጀመሪያዎቹን የተረከበችው ግን በ2015 ነው።

እኛ የጦር መሣሪያ ወጪ አይቀነስ አንልም። ባለዕዳ መንግሥት ከመድኃኒትና ከትምህርት ቤት በፊት ከጦር መሣሪያ ቢቀንስ ደግ ነው። ይሁን እንጂ ከመሰረዙ በፊት ሁለት ነገር መቆጠር ነበረበት፤ ውሉ ሲፈርስ ስንት ይከፈላል? የአሮጌውንስ ሥራ ማን ይሠራዋል? ግብር ከፋዩም ከምርጫው በፊት ይህን ሂሳብ ሊሰማ ይገባው ነበር፤ የከፈለው እሱ ነውና።

የመጨረሻው ሲ ኪንግ ከሥራ የወጣው በ2018 ነው። በ1963 አዲስ ሳለ ያበረረው ወጣት ያን ጊዜ ዕድሜው ወደ ሰማንያ ተጠግቶ ነበር።