ማን ያሸንፋል? ካሸነፈስ በኋላ ምን ይመጣል? የቱርክ ምርጫ የሰጠን ትምህርት

ሜይ 14 ቀን 2023 ምሽት ብዙዎቻችን ስልካችንን ይዘን የቱርክን ፕሬዝዳንታዊ ምርጫ ቆጠራ ስንከታተል አመሸን (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖችና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የአገሪቱ መንግሥታዊ የዜና ወኪል አናዶሉ የመጀመሪያዎቹን ቁጥሮች ሲያወጣ ረጀብ ጠይብ ኤርዶጋን ወደ 60 በመቶ የተጠጋ ድምፅ ይዘው ታዩ። የሚወዷቸው "አልሐምዱሊላህ፣ አለቀ!" ማለት ጀመሩ። ሌሊቱ በገፋ ቁጥር ግን አኃዙ እየወረደ ሄዶ 49.5 በመቶ ላይ ቆመ። በቱርክ ሕግ ፕሬዝዳንት ለመሆን ከግማሽ በላይ ድምፅ ማግኘት ግድ ስለሆነ፣ ምርጫው ወደ ሁለተኛ ዙር ተሻገረ።

በሌላው ወገን የነበረው እርግጠኝነትም ከዚህ አይተናነስም ነበር። ከምርጫው በፊት ከወጡት የሕዝብ አስተያየት ጥናቶች ብዙዎቹ የተቃዋሚዎቹን እጩ ከማል ኪሊችዳሮግሉን ሲያስቀድሙ ቆይተዋል። በርካታ የውጭ ተንታኞችም የኤርዶጋን ዘመን ማብቂያው እንደተቃረበ ይጽፉ ነበር። በመጨረሻ ሜይ 28 በተደረገው ሁለተኛ ዙር ኤርዶጋን በ52.2 በመቶ አሸነፉ።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን መለስ ብሎ ያየ ሰው አንድ ነገር ይገነዘባል። አሸናፊውን መገመት አስቸጋሪ ቢሆንም የሚቻል ሥራ ነው። አሸናፊው ካሸነፈ በኋላ የሚመጣውን መገመት ግን ሌላ ሥራ ነው፤ ብዙዎቻችንም የተሳሳትነው እዚህኛው ላይ ነው። ይህ ጉዳይ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። ከኢስታንቡል ዕቃ የሚያመጣ ነጋዴ፣ ልጁን ቱርክ ልኮ የሚያስተምር ወላጅ፣ የአፍሪቃ ቀንድን ሰላም የሚመኝ ሁሉ የዚያ ምርጫ ነገር በአንድም በሌላም መንገድ ደርሶታል።

ግምትና ገይብ

አስቀድመን አንድ ነገር እንለይ። ገይብን የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው። ነገ የሚሆነውን አውቃለሁ የሚል ጠንቋይ ዘንድ መሄድ ዲናችን የከለከለው ነው። ሰበቦችን አይቶ "ይህ ሊሆን ይችላል" ብሎ መገመት ግን ሌላ ነገር ነው። ገበሬ ደመናውን አይቶ፣ ነጋዴ ገበያውን አይቶ ይገምታል። የግምት አደቡ "ልሳሳት እችላለሁ" ማለት ነው። ችግር የሚመጣው ምኞታችንን ግምት፣ ግምታችንን ደግሞ ዕውቀት አድርገን ስንይዘው ነው።

ጥናቶቹ ለምን ሳቱ?

የሕዝብ አስተያየት ጥናት የሚሠራው ጥቂት ሺህ ሰዎችን ጠይቆ የሚሊዮኖችን ሐሳብ በመገመት ነው። ሁለቱ እጩዎች ሲቀራረቡ፣ የተጠየቁት ሰዎች መላውን ሕዝብ በትክክል ካልወከሉ፣ የጥቂት ነጥቦች ስህተት አሸናፊውን ይገለብጣል። በቱርክም ኢስታንቡልና አንካራ ላይ ኪሊችዳሮግሉ በጠባብ ልዩነት ሲመሩ፣ በአናቶሊያ መሐል ያሉት ከተሞችና ገጠሮች ኤርዶጋንን ደግፈው ወጡ። ትልልቆቹን ከተሞች ብቻ ያየ፣ ወይም የማኅበራዊ ሚዲያውን ጫጫታ የሰማ ሰው፣ አገሩን በሙሉ ያየ ይመስለዋል።

ሁለተኛው የስህተት ምክንያት "ሕዝብ ከተጎዳ መንግሥትን ይቀጣል" የሚለው ቀላል ስሌት ነው። በዚያው ዓመት ፌብሩዋሪ 6 የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ በቱርክ ብቻ ከ50 ሺህ በላይ ሰዎችን ገድሏል፤ አላህ ይማራቸው። የዕርዳታው መዘግየትና የሕንፃዎቹ ጥራት መጓደል ብዙ ቁጣ ቀስቅሶ ነበር። ሆኖም ከአደጋው ማዕከሎች አንዱ የሆነው ካህራማንማራሽ ለኤርዶጋን ከ70 በመቶ በላይ ድምፅ ሰጠ። ቤቱ የፈረሰበት ሰው የሚጠይቀው "ማን አጠፋ?" ብሎ ብቻ አይደለም፤ "ማን መልሶ ይሠራልኛል?" ብሎም ይጠይቃል። መልሱን ደግሞ ለብዙ ዓመት ከሚያውቀው መሪ ጠበቀ።

ሦስተኛው ሥልጣን ላይ ያለ ሰው በእጁ ያለው መሣሪያ ነው። ከምርጫው በፊት ባሉት ወራት የደመወዝ ወለል ከፍ ተደረገ፤ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሰዎች ዕድሜ ሳይጠብቁ ጡረታ እንዲወጡ ተፈቀደ፤ ለአንድ ወር የቤት ውስጥ ጋዝ በነፃ ተሰጠ። በቴሌቪዥን ሽፋን በኩልም ሜዳው እኩል እንዳልነበረ የምርጫ ታዛቢዎች ገልጸዋል።

የቆጠራው ምሽት ግራ መጋባት ደግሞ ቀላል ምክንያት ነበረው። ድምፅ ቶሎ ተቆጥሮ የሚገባው ከየትኛው አካባቢ ነው የሚለው የመጀመሪያዎቹን ቁጥሮች ይወስናል። ስለዚህ በማንኛውም አገር ምርጫ 20 በመቶ ሲቆጠር መደሰትም ማልቀስም ከንቱ ነው።

አሸናፊው የተሸናፊውን መንገድ ሲይዝ

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንምጣ። ኤርዶጋን ለዓመታት የወለድ ምጣኔ ዝቅ ማለት አለበት ሲሉ ቆይተዋል፤ በ2021 መጨረሻ ላይም ለዚህ ሃይማኖታዊ ምክንያት ጠቅሰዋል። ይህን የሰማን ብዙ ሙስሊሞች "ሪባን የሚዋጋ መሪ ተገኘ" ብለን ተደሰትን። ነገሩን ረጋ ብሎ ላየው ግን ባንኮቹ ወለድ ማስከፈላቸውን አላቆሙም፤ የተቀነሰው መጠኑ ነው። በተጓዳኝ የሊራ ዋጋ ወደቀ፤ በመንግሥት አኃዝ መሠረት የዋጋ ግሽበት በኦክቶበር 2022 ከ85 በመቶ አለፈ። በሊራ ያጠራቀመ ደሃ ገንዘቡ በእጁ ላይ ቀለጠበት።

በምርጫው ዘመቻ ወቅት የተለመደው ግምት "ኤርዶጋን ካሸነፉ ዝቅተኛው ወለድ ይቀጥላል፤ ተቃዋሚው ካሸነፈ ይጨምራል" የሚል ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው። ኤርዶጋን ባሸነፉ በቀናት ውስጥ በገበያዎች ዘንድ የሚታመኑትን መሐመት ሺምሼክን የገንዘብ ሚኒስትር አደረጉ። 8.5 በመቶ የነበረው የማዕከላዊ ባንኩ ወለድ እየተሰቀለ በማርች 2024 ወደ 50 በመቶ ደረሰ። ከምርጫው በፊት አንድ ዶላር ከ20 ሊራ በታች ይመነዘር ነበር፤ በ2025 አጋማሽ ከ40 ሊራ አለፈ።

ታዲያ ቃላቸውን ለምን ለወጡ? የውጭ ምንዛሪ ክምችቱ ተመናምኖ ስለነበር፣ ማንም ቢመረጥ ያንኑ ችግር ጠረጴዛው ላይ ያገኘው ነበር። መሪን ከቃሉ ይልቅ የሚገዛው ካዝናው ውስጥ ያለው ነገር ነው። ዕቃ ለማምጣት ሊራ ገዝቶ ያስቀመጠ ነጋዴ በመሪው ፍቅር ላይ ተመሥርቶ ከነበረ ከስሯል፤ ካዝናውን አይቶ ከነበረ ገንዘቡን አትርፏል።

የተሸነፈውስ ጠፋ?

ሌላው ግምት "ተቃዋሚዎቹ ከእንግዲህ አይነሱም" የሚል ነበር። እውነትም ስድስት ፓርቲዎች ያቀፈው ጥምረታቸው ፈራረሰ፤ ኪሊችዳሮግሉም የፓርቲያቸውን መሪነት በኖቬምበር 2023 ለኦዝጉር ኦዜል አስረከቡ። ነገር ግን ዓመት ሳይሞላ፣ ማርች 31 ቀን 2024 በተደረገው የአካባቢ ምርጫ፣ ይኸው የሪፐብሊካን ሕዝብ ፓርቲ በአገር አቀፍ ደረጃ አንደኛ ወጣ። ከ1977 ወዲህ እንዲህ ሲሆን የመጀመሪያው ነው።

ለእኛ ይበልጥ ትምህርት ያለው ግን ሌላ ቁጥር ነው። ኤርዶጋንን ይደግፍ የነበረው የኔጅመቲን ኤርባካን ልጅ ፓርቲ፣ አዲሱ ረፋህ፣ በዚያ ምርጫ ለብቻው ወጥቶ 6 በመቶ ያህል ድምፅ አገኘ። ይህ ፓርቲ ያነሳቸው ከነበሩት ዋና ጉዳዮች አንዱ ጋዛ እየተጨፈጨፈች ቱርክ ከእስራኤል ጋር የምታደርገው ንግድ አለመቆሙ ነበር። ምርጫው ባለፈ በአንድ ወር ገደማ፣ ሜይ 2 ላይ፣ ቱርክ ከእስራኤል ጋር ያላትን ንግድ በሙሉ ማቋረጧን አስታወቀች። ውሳኔው በምርጫው ምክንያት ብቻ ነው ማለት አይቻልም። ሆኖም መሪውን የሚወድ ሕዝብም ቢሆን ድምፁን ባነሳ ጊዜ እንደሚሰማ ያሳያል። መውደድ ማለት ዝም ማለት አይደለም።

በማርች 2025 ደግሞ የኢስታንቡል ከንቲባና የኤርዶጋን ዋነኛ ተቀናቃኝ ኢክረም ኢማሞግሉ በሙስና ክስ ታሰሩ። መንግሥት ፍርድ ቤቱ ነፃ ነው ይላል፤ ተቃዋሚዎች ደግሞ እስሩ ፖለቲካዊ ነው ይላሉ። ማንም እውነት ይኑረው፣ የ2023ቱ ምርጫ የሥልጣን ጥያቄን ለአምስት ዓመት የዘጋ የመሰለው ሰው ጥያቄው እንዳልተዘጋ አይቷል።

ከድንበር ማዶ የመጣው

በዚያ ምርጫ ሁለተኛ ዙር ከሁሉም በላይ የጮኸው ጉዳይ ከሦስት ሚሊዮን በላይ የነበሩት የሶሪያ ስደተኞች ጉዳይ ነበር። ኪሊችዳሮግሉ "ሶሪያውያን ይሄዳሉ" የሚል ፖስተር ለጠፉ። ኤርዶጋንም በፈቃዳቸው እንዲመለሱ እናደርጋለን አሉ፤ ከበሽር አል-አሰድ ጋር መታረቅም በወቅቱ አጀንዳ ላይ ነበር። ዲሴምበር 8 ቀን 2024 ግን የአሰድ አገዛዝ ራሱ ወደቀ፤ ከዚያ ወዲህ በርካታ ሶሪያውያን በገዛ እግራቸው ወደ አገራቸው ተመለሱ። በኢስታንቡል የተጠየቀው ጥያቄ መልሱ ከደማስቆ መጣ። ይህን በምርጫው ወቅት በእርግጠኝነት የተናገረ ሰው አልነበረም። አላህ የሻው ይሆናል።

ወደ ደጃፋችን የመጣውም አለ። ኢትዮጵያ በ2024 መጀመሪያ ከሶማሊላንድ ጋር የባሕር በርን የተመለከተ የመግባቢያ ሰነድ ስትፈራረም ከሶማሊያ ጋር ያለው ግንኙነት ወደ ጠብ አፋፍ ደረሰ። በሁለቱም አገሮች ዘንድ ተሰሚነት ያላት ቱርክ አሸማጋይ ሆነች። ዲሴምበር 11 ቀን 2024 ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድና ፕሬዝዳንት ሐሰን ሸይኽ ማሕሙድ በኤርዶጋን ፊት የአንካራውን ስምምነት አደረጉ። በ2023 ድምፃቸውን የሰጡ ቱርካውያን ይህን አስበው አልመረጡም። ድምፃቸው ግን በመቋዲሾና በአዲስ አበባ መካከል ያለውን ነገር ነካ።

ለሚቀጥለው ምን እንያዝ?

የቱርክ ቀጣይ ፕሬዝዳንታዊ ምርጫ በ2028 ይጠበቃል። አሁን ባለው ሕገ መንግሥት ኤርዶጋን እንደገና ሊወዳደሩ የሚችሉት 600 መቀመጫ ያለው ምክር ቤት በ360 ድምፅ ቀድሞ ምርጫ ከጠራ ነው፤ ካልሆነ ሕገ መንግሥቱ መለወጥ አለበት። ጥምረታቸው በ2023 ያገኘው መቀመጫ 323 ነበር። ስለዚህ ከእንግዲህ በቱርክ ፖለቲካ ውስጥ የምንሰማው ብዙ ነገር፣ ከኩርዶች ጋር የሚደረገው የሰላም ንግግር ጭምር፣ ከዚህ ሒሳብ ጋር ተያይዞ መታየቱ አይቀርም።

በቱርክም ሆነ በሌላ አገር፣ የራሳችንንም ምርጫ ጨምሮ፣ አንድ ሰው መጥቶ "እገሌ ካሸነፈ እንዲህ ይሆናል" ቢለን እነዚህን እንጠይቀው፦

አንደኛ፣ ይህን የምትለው ስላወቅህ ነው ወይስ ስለወደድህ? የምትጠላው ሰው ቢያሸንፍስ ያንኑ ማስረጃ ትቀበለው ነበር?

ሁለተኛ፣ ማንም ቢያሸንፍ የማይቀየረው ነገር ምንድን ነው? ዕዳው፣ ካዝናው፣ ድንበሩና ጎረቤቱ ለአሸናፊው ሁሉ አንድ ናቸው።

ሦስተኛ፣ ግምትህ ቢሳሳት የሚከፍለው ማን ነው? ገንዘብህን ወይም ወንድማማችነትህን በእርሱ ላይ አስይዘሃል?

የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉም ይከብዳል። በዚያ የ2023 ግንቦት ስለ ሰው አገር ምርጫ ተከራክረው ሰላምታ ያቋረጡ ወንድሞች በመስጂዶቻችንና በስልክ ቡድኖቻችን ውስጥ አልጠፉም። የተከራከሩበት ጉዳይ ዛሬ ማናቸውም ባልገመቱት መንገድ ሄዷል፤ የተቋረጠው ሰላምታ ግን ምናልባት እስካሁን አልተቀጠለም። መሪዎች ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ። ዱዓችን ለኡማው የሚበጀው እንዲሆን ይሁን፤ ግምታችንንም በልኩ እንያዘው።

ወላሁ አዕለም።