ሌሊት ያረፈ፣ ጠዋት ያልተነሣ ሰርቨር

በ2004 ዓ.ም. ሰኔ ወር ይጁቤ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ዓመታት ያስቆጠረ ሰርቨር አልነሣ አለ። ሌሊቱን መብራት ሄዶ ነበር፤ ንጋት ላይ ሲመጣ አምፖሎቹ በሩ፣ ሰርቨሩ ግን ዝም አለ። የተማሪዎቹ የዓመት ውጤት የሚገኘው በእርሱ ውስጥ ብቻ ሲሆን ካርድ የሚሰጥበት ቀንም ደርሷል። ከደብረ ማርቆስ ተነሥተን እንደደረስን የመዝገብ ክፍሏ ሠራተኛ «ዶክተር፣ ትናንት ማታ ደኅና ነበር እኮ፤ ጠዋት ሞቶ አገኘነው» አሉን።

ውድ አንባቢያን፣ ለዓመታት ቀን ከሌት ሲሠራ ያልታመመ መሣሪያ አንድ ሌሊት ባረፈ ጊዜ እንዴት ይሞታል?

በእንዲህ ያለ ጊዜ «የትኛው ዕቃ ተበላሸ?» ብሎ መጀመር ለግምት ይዳርጋል። የሚሻለው «ኤሌክትሪኩ እስከ የት ደረሰ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ሶኬቱን በመልቲሜትር ብንለካው 214 ቮልት አነበብን። ዲቫይደሩን ትተን፣ ገመዱንም በሌላ ኮምፒዩተር ገመድ ለውጠን ሞከርን፤ ለውጥ አልነበረም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። የኮምፒዩተር ማብሪያ ቁልፍ እንደ ግድግዳ ማብሪያ መስመሩን በቀጥታ አይቆርጥም፣ አይቀጥልም። ፓወር ሰፕላዩ ኮምፒዩተሩ «ጠፍቶ» ሳለ እንኳ 5 ቮልት የሆነ ተጠባባቂ ኃይል ለማዘርቦርዱ ይሰጣል፤ ቁልፉ ሲነካ ማዘርቦርዱ በዚህ ኃይል ተጠቅሞ ፓወር ሰፕላዩን «ተነሣ» ይለዋል። ተጠባባቂው ኃይል ከሌለ ቁልፉን ደጋግሞ መጫን ሰው በሌለበት ቤት ደጅ እንደ መጥራት ነው። ይህ ኃይል የሚያልፍበትን ወይን ጠጅ ገመድ ለካነው፦ ዜሮ። ማዘርቦርዱ ጎትቶት እንዳይሆን ነቅለን ደግመን ለካን፤ አሁንም ዜሮ። በመሆኑም ሕመሙ ያለው በፓወር ሰፕላዩ ውስጥ እንጂ በዲስኮቹ አልነበረም። አንድ ወጣት መምህር ዲስኮቹን ነቅሎ በሌላ ኮምፒዩተር ሊሞክር ተነሥቶ ስለነበር በጊዜ መድረሳችን በጀን፤ በጥምረት የሚሠሩ የሰርቨር ዲስኮች ቦታቸው ከተዛባ መረጃውን መልሶ ማግኘት ሊያስቸግር ይችላል።

ታዲያ ለምን ጠዋት? ተጠርጣሪው ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተር ነው። በውስጡ የተጠቀለሉ የአልሙኒየም ቅጠሎችና በፈሳሽ የራሰ ወረቀት አሉ። ፈሳሹ በሙቀት ቀስ በቀስ ይደርቃል፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሴልሲየስ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ገደማ ያጥራል። የደብረ ማርቆስ አካባቢ ከባሕር ጠለል ከ2400 ሜትር በላይ ከፍ ያለ በመሆኑ አየሩ በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው፤ ማራገቢያው የዚያኑ ያህል ቢሽከረከርም የሚያሻግረው ሙቀት ያንሳል። የደጋው ብርድ በከፊል ይክሳል እንጂ።

ፈሳሹ የጎደለበት ካፓሲተር እየሠራ ሳለ ይሞቃል፤ ሙቅ ፈሳሽ ውስጥ አዮኖች በቀላሉ ስለሚንቀሳቀሱ የውስጥ ተቃውሞው ዝቅ ይላል። ሌሊቱን ሲቀዘቅዝ ግን ፈሳሹ ይወፍራል፣ ተቃውሞው ይጨምራል፣ ፓወር ሰፕላዩን ለማስነሣት የሚያስፈልገው ምት አይሟላም። ያረጀ ሰርቨር የሚከብደው መሥራቱ ሳይሆን መነሣቱ ነው። ድካሙ የቆየ ነበር፤ የመብራቱ መሄድ ገለጠው እንጂ አልወለደውም።

«ከፍተን እንየው» ያሉም ነበሩ። እኛ አልፈቀድንም። የ220 ቮልት መስመር ጫፍ 311 ቮልት ይደርሳል፤ ዋናው ካፓሲተር ደግሞ ገመዱ ከተነቀለ በኋላም ይህን ሊይዝ ይችላል። 470 ማይክሮፋራድ ቢሆን ወደ 23 ጁል ማለት ነው፤ በእጅ የሚሞከር አይደለም።

ደግነቱ ይህ ሰርቨር መደበኛውን ባለ 24 እግር ማገናኛ የሚቀበል ዓይነት ነበር፤ የራሳቸው የሆነ ቅርጽ ያላቸው ሰርቨሮች ብዙ ናቸው። ከመጋዘን በቂ ዋት ያለው ፓወር ሰፕላይ ተገኝቶ በጠረጴዛ ላይ አስቀምጠን አገናኘነው፤ የፕሮሰሰሩን ማገናኛም አልረሳነው። ተጠባባቂው 5 ቮልት መጣ፣ ማራገቢያዎቹ ጮኹ። ሠራተኛዋ እልል ሊሉ ሲሉ መጀመሪያ ውጤቱን እንገልብጥ አልናቸው። ሰርቨሩን ያጠፋነው ማምሻውን፣ ግልባጩ በሁለተኛ ኮምፒዩተር ላይ መከፈቱን በዓይናችን ካየን በኋላ ነበር።