መጋረጃው እንዲከፈት ዘንጉና ቀለበቱ ይታሰብበት

በዓል በተቃረበ ቁጥር በየቤቱ ከሚታሰቡት ነገሮች አንዱ የመጋረጃ ጉዳይ ነው። አሮጌው ይታጠባል፤ አቅም የፈቀደላትም አዲስ ትገዛለች። የጨርቁ ቀለም ከወንበሩ ልብስ ጋር እንዲስማማ፣ አበባው ዓይን እንዲስብ፣ ዋጋውም ከኪስ ጋር እንዲመጣጠን ከሱቅ ሱቅ ይዞራል። መጋረጃው በምን ላይ እንደሚሰቀል አስቀድሞ የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። ሁለት ምስማር ይመታል፤ ሲባጎ ወይም ሽቦ ይወጠርና ጨርቁ ይንጠለጠልበታል።

ውጤቱ በብዙ ቤት የሚታይ ነው። ሽቦው ውሎ አድሮ ከመሐል ይረግባል። ጨርቁ ወደ መካከል ይሰበሰብና ጠዋት ሲሳብ እሺ አይልም። በኃይል ሲጎተት ምስማሩ ከነልስኑ ይነቀላል፤ ወይም የጨርቁ የላይኛው ጠርዝ ይተረተራል። በዚህ የተሰላቸች እመቤት በመጨረሻ መጋረጃውን እንደተዘጋ ትተወዋለች። አንዳንድ ቤት በጠራራ ፀሐይ መብራት የሚበራበት፣ መስኮቱም ሳምንቱን ሙሉ ሳይከፈት የሚሰነብትበት ምክንያት ይኸው ነው።

ይህ ደግሞ እንደ ቀላል ነገር የሚታለፍ አይደለም። ብርሃንና ነፋስ የማይገባበት ክፍል ይታፈናል፤ እርጥበቱም በግድግዳው ላይ ሻጋታ ያበቅላል። የሳንባ ነቀርሳን የመሳሰሉ በትንፋሽ የሚተላለፉ በሽታዎች አየር በማይዘዋወርበት ክፍል ውስጥ በቀላሉ ይዛመታሉ። ከሰል የሚነድበት ቤት ከሆነም አደጋው የባሰ ነው። ስለዚህ መጋረጃው ያለ ችግር እንዲከፈትና እንዲዘጋ ማድረግ የቤት ማሳመር ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የቤተሰብ ጤና ጉዳይም ነው።

መጋረጃ በአገራችን የቆየ ታሪክ አለው። በቤተ ክርስቲያን ውስጥ መቅደሱን የሚጋርደው መጋረጃ በቅዳሴ ጊዜ እንደ ሥርዓቱ ይከፈታል፤ ይዘጋል። በ18ኛው መቶ ዘመን በጎንደር ነገሥታት ጊዜ ከሐር የተሸመነና ከ5 ሜትር በላይ ርዝመት ያለው አንድ የቤተ ክርስቲያን መጋረጃ ዛሬ በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል። የመጋረጃ ጥቅሙ በመጋረዱ ብቻ ሳይሆን ጊዜው ሲደርስ በመገለጡም መሆኑን አባቶቻችን ያውቁት ነበር ማለት ነው።

ለመኖሪያ ቤት መስኮት በአብዛኛው የሚያገለግሉት መስቀያዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ቀለበት የሚገባበት ከእንጨት ወይም ከብረት ቱቦ የተሠራ ዘንግ ነው። ሁለተኛው ትናንሽ መንጠቆዎች በውስጡ የሚንሸራተቱበት ሐዲድ ነው። ሐዲዱ ለረጅም መስኮትና ለከባድ ጨርቅ ይመቻል፤ ቀለበትና ዘንግ ግን በቀላሉ የሚተከልና ሲበላሽም በቤት ውስጥ የሚጠገን ነው።

ዘንግ ሲመረጥ ከመስኮቱ ስፋት ጋር እኩል መሆን የለበትም። በቀኝና በግራ ቢያንስ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል እንዲያልፍ ይደረጋል። ለምሳሌ የመስኮቱ ስፋት 1 ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ ዘንጉ 1 ሜትር ከ60 ሳንቲ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። እንዲህ ሲሆን የተከፈተው መጋረጃ በግድግዳው ላይ ይሰበሰባል እንጂ የመስኮቱን ብርሃን አይሻማም። ዘንጉ ከ1 ሜትር ተኩል በላይ ሲሆን ደግሞ ከመሐል አንድ ተጨማሪ ተሸካሚ ብረት ያስፈልገዋል። ቀለበት ተሸካሚውን ማለፍ ስለማይችል ጨርቁ ለሁለት ተከፍሎ አንዱ ወደ ቀኝ፣ ሌላው ወደ ግራ እንዲከፈት ሆኖ ይሰፋል።

ቀለበቱን በተመለከተ በብዛት የሚታየው ስሕተት ከዘንጉ ጋር ልክክ የሚል ቀለበት መግዛት ነው። የቀለበቱ የውስጥ ስፋት ከዘንጉ ውፍረት በ1 ሳንቲ ሜትር ያህል ቢበልጥ ያለ ችግር ይንሸራተታል። ብረት በብረት ላይ ሲሄድ ስለሚንቋቋና ቀለሙን ስለሚልጥ፣ ውስጡ ፕላስቲክ የለበሰ ቀለበት ከተገኘ ይመረጣል። ቀለበቶቹ በየ15 ሳንቲ ሜትሩ ይያያዛሉ፤ 1 ሜትር ተኩል ስፋት ላለው ጨርቅ 11 ቀለበት ይበቃል። ከዚህ ካነሰ ጨርቁ በቀለበቶቹ መካከል ይንጋደዳል። ቀለበቱ በራሱ በጨርቁ ላይ የተገጠመ ዓይነት ከሆነ ግን ሁለቱም ጠርዞች ወደ ግድግዳው እንዲታጠፉ ቁጥሩ 10 ወይም 12፣ ማለትም ሙሉ ይሁን። ጫፉ ታጥፎ ተሰፍቶ ዘንጉ የሚገባበት መጋረጃ ከሁሉ ይልቅ ለመሳብ ያስቸግራል፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ለማይከፈተው ስስ መጋረጃ ብቻ ቢሆን ይሻላል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ተከላው ነው። ዘንጉ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ቀለበቱ ሁሉ ወደዚያው ይሸሻል። ኮርኒስ ብዙ ጊዜ የተስተካከለ ስላልሆነ ከኮርኒሱ ከመለካት ይልቅ ውሃ ልክ መጠቀም ይገባል። በብሎኬት ግድግዳ ላይ ምስማር ብቻውን አይጸናም፤ ግድግዳው ተሰርስሮ ፊሸር ከገባ በኋላ በቪስ ይታሰራል። የጭቃ ቤት ከሆነ ቪሱ ጭቃውን ብቻ ከያዘ ብዙ አይቆይም። ከመስኮቱ በላይ ጠፍጣፋ ጣውላ ከቋሚ እንጨቶቹ ጋር ይመታና ተሸካሚዎቹ በጣውላው ላይ ይታሰራሉ። ዘንጉ ከተሰቀለ በኋላ የመጨረሻው ቀለበት ከተሸካሚው ወዲያ ማዶ፣ በተሸካሚውና በዘንጉ ጫፍ መካከል ይቀመጥ። ጨርቁ ሲሳብ ጠርዙ ከቦታው እንዳይነቃነቅ የሚይዘው እርሱ ነው።

መጋረጃው ውሎ አድሮ ቢያስቸግር የምግብ ዘይት ወይም ግራሶ መቀባት አይገባም፤ አቧራ ይይዛል፤ ጨርቁንም ያቆሽሻል። ዘንጉን በደረቅ ጨርቅ ወልውሎ በሻማ ቁራጭ በስሱ ማሸት ይበቃል። የዛገ ዘንግ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ ቀለም ይቀባል። ሲከፈትና ሲዘጋም የታችኛውን ጫፍ ይዞ በሰያፍ ከመጎተት ይልቅ ከፊተኛው ቀለበት አጠገብ ቀጭን ዱላ አንጠልጥሎ በእርሱ መሳብ ጨርቁን ከእጅ እድፍም፣ ከመቀደድም ያድናል።

ሕፃናት ባሉበት ቤት አንድ ጥንቃቄ የግድ ነው። መጋረጃ የሚሳብበት ረጅም ገመድ በሕፃን አንገት ላይ ተጠምጥሞ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል። በዚህ አደጋ ብዙ ሕፃናት በመሞታቸው በዩናይትድ ስቴትስ ተዘጋጅተው የሚሸጡ የመስኮት መሸፈኛዎች ገመድ አልባ እንዲሆኑ፣ ወይም ገመዳቸው አጭር ወይም ሕፃን የማይደርስበት እንዲሆን እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ደረጃ አስገድዷል። የሕፃን አልጋ ከመስኮት ይራቅ፤ ገመድ ካለም ከፍ ተደርጎ ይታሰር። በደንብ ያልተተከለ ዘንግም ሕፃን በመጋረጃው ሲንጠለጠል ራሱ ላይ ሊወድቅበት እንደሚችል አይዘንጋ።

ይህ ሁሉ የእመቤቲቱ ሥራ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። አንዱ ሜትሩን ሲይዝ ሌላው ምልክት ቢያደርግ፣ አንዱ መሰላሉን ሲደግፍ ሌላው ቪሱን ቢያጠብቅ ሥራው በግማሽ ቀን ይጠናቀቃል። ለቀጣዩ በዓል መጋረጃ ለመግዛት የሚያስቡ ሁሉ ለጨርቁ ከመደቡት ገንዘብ ላይ ጥቂቱን ለዘንግና ለቀለበት ያስቀሩ። የጨርቁ ዋጋ ትንሽ ዝቅ ቢል ቤቱ አይጎዳም፤ ጠዋት ጠዋት መስኮቱ ካልተከፈተ ግን የሚጎዳው በውስጡ የሚኖረው ቤተሰብ ነው።