ማን ይወርውር?

ውድ አንባቢ፤ እስቲ ለአንድ ሌሊት ያህል የቤዝቦል ቡድን አሠልጣኝ ይሁኑ። ጊዜው ጥቅምት 3 ቀን 1958 ዓ.ም. ማታ ነው፤ በአውሮፓ አቆጣጠር 1965 መሆኑ ነው። ቡድንዎ የሎስ አንጀለሱ ዶጀርስ፤ ባላጋራዎ የሚኒሶታው ትዊንስ ነው። የአሜሪካንን ዋንጫ የሚወስደው ከሰባት ግጥሚያ አራቱን ያሸነፈ ሲሆን፤ እስከ ዛሬ ማታ ሁለቱም ሦስት ሦስት አሸንፈዋል። ነገ በባላጋራዎ ሜዳ የመጨረሻው ይደረጋል። ኳሱን ለማን ይሰጣሉ?

እግር ኳስ ለለመደ ሰው ጥያቄው ይህን ያህል እንቅልፍ የሚነሣ አይመስልም። በእግር ኳስ አንዱ ቢደክም አሥሩ ይሸፍኑታል። በቤዝቦል ግን ነገሩ ሁሉ የሚጀምረው ከአንድ ሰው እጅ ነው። ወርዋሪው ትንሽ ጉብታ ላይ ቆሞ፤ አሥራ ስምንት ሜትር ተኩል ያህል ርቆ ዱላ ይዞ ወደሚጠብቀው መቺ ኳሱን ይለቃል። መቺው የገና ተጫዋች ሩሩን እንደሚመታ ሊመታት ይሞክራል፤ ወርዋሪው ደግሞ አንዴ እያፈጠነ፤ አንዴ እያጣመመ ያስተዋል። ጨዋታው ዘጠኝ ዙር ነው። ዘጠኙንም ዙር የቆመ ወርዋሪ ከመቶ ጊዜ በላይ በሙሉ ኃይሉ ይወረውራል። በማግስቱ ክንዱን ወደ ላይ ማንሣት ይቸግረዋል። ስለዚህ በዚያ ዘመን አንድ ወርዋሪ ከተጫወተ በኋላ ሦስት ቀን ያህል ያርፍ ነበር፤ ዛሬ አራት ቀንና ከዚያም በላይ ያሳርፉታል።

የዶጀርስ አሠልጣኝ ሚስተር ዋልተር አልስተን በዚያች ሌሊት ሁለት ሰዎች ነበሯቸው። አንደኛው ዶን ድራይስዴል፤ ረጅምና ቀኝ እጅ፤ በዚያ ዓመት 23 ጊዜ ያሸነፈ፤ ሦስት ቀን ሙሉ ያረፈ። ሁለተኛው ሳንዲ ኮፋክስ፤ ግራ እጅ፤ 26 ጊዜ ያሸነፈ፤ በአንድ ዓመት ውስጥ 382 መቺዎችን አስቶ በማሰናበት የዘመኑን ወሰን የሰበረ፤ ነገር ግን ሁለት ቀን ብቻ ያረፈ።

ይህ የአንድ ቀን ልዩነት ከየት መጣ? የመጀመሪያውን ግጥሚያ መጀመር የሚገባው ኮፋክስ ነበር። ቀኑ መስከረም 26 ሲሆን፤ በኦሪት ከታዘዘው የስርየት ቀን ጋር ገጠመ። ኮፋክስ አይሁዳዊ ነውና በዚያ ቀን አልጫወትም አለ። ድራይስዴል ተተክቶ 8 ለ 2 ተሸነፈ። በማግስቱ ኮፋክስ ራሱ 5 ለ 1 ተሸነፈ። ሁሉም ነገር ያለቀ ሲመስል፤ ክሎድ ኦስቲን የተባለው ሦስተኛው ወርዋሪ 4 ለ 0፤ ድራይስዴል 7 ለ 2፤ ኮፋክስ 7 ለ 0 አከታትለው አሸነፉ። ኦስቲን በስድስተኛው 5 ለ 1 ሲረታ ዕዳው ወደ ሰባተኛው ተላለፈ።

አሁን ስለ ኮፋክስ ክንድ ልንገርዎ። ሐኪሞች የግራ ክርኑ መገጣጠሚያ እንደ ታመመ የነገሩት በዚያው ዓመት ጨዋታው ሳይጀመር ነው። ለሕመሙ መርፌ ይወጋል፤ ኪኒን ይውጣል፤ ከጨዋታ በፊት ካፕሶሊን የሚባል፤ ከበርበሬ ወገን ከሆነ ተክል የተሠራ የሚያቃጥል ቅባት ይቀባል፤ ከጨዋታ በኋላ ክርኑን በበረዶ ውሃ ውስጥ ይነክራል። ይህን ክንድ በሁለት ቀን ዕረፍት መልሶ ማሠራት ቀላል ነገር አልነበረም።

ሚስተር አልስተን ደግሞ ዝምተኛ ሰው ነበሩ። ለአንድ ዓመት ብቻ የሚያገለግል ውል እየፈረሙ 23 ዓመት ያሠለጠኑ ናቸው። በደመወዝ የሚኖር ሰው እንዲህ ያለ ውል ምን እንደሆነ ያውቃል፤ አንድ ስሕተት ለሚቀጥለው ዓመት ሊበቃ ይችላል። ያረፈውን አሰልፈው ቢሸነፉ ደንቡን ተከትለዋልና የሚወቅሳቸው ጥቂት ነው። የደከመውን አሰልፈው ቢሸነፉ ግን ጥፋቱ የእርሳቸው ብቻ ይሆናል።

እርሳቸው ግን ኮፋክስን መረጡ። ምክንያቱን ለመረዳት «ከሁለቱ ማን ይበልጣል?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ «ማን ይቅደም፤ ማን ይከተል?» ማለት ያስፈልጋል። ኮፋክስ ሰውነቱን አሟሙቆ ለመወርወር ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። ድራይስዴል በቶሎ ይደርሳል። ድራይስዴል ጀምሮ ድንገት ቢሰበር ኮፋክስ በጥድፊያ ሊገባ አይችልም፤ ኮፋክስ ጀምሮ ክንዱ እምቢ ቢል ግን ድራይስዴል ከጎን አለ። በእኔ አስተያየት ብልኅነቱ እዚህ ላይ ነው። ደፋር የሚመስለው ምርጫ መሸሻ ያለው እርሱ ነበር። የባላጋራው አሠልጣኝ ሚስተር ሳም ሚሊም ሁለት ቀን ብቻ ያረፈውን ጂም ካትን ማሰለፋቸውን አይርሱ፤ ጭንቀቱ የሁለቱም ነበር።

በማግስቱ ገና በመጀመሪያው ዙር ኮፋክስ ሁለት መቺዎችን በነፃ ለቀቀ። ድራይስዴል ከዳር ተነሥቶ መሟሟቅ ጀመረ። ከዚህም የከፋው፤ ቁልቁል የምትታጠፈዋ የኮፋክስ ኳስ በዚያ ቀን አልታዘዝ አለች። ወርዋሪው ከተቀባዩ ከጆን ሮዝቦሮ ጋር ተግባብቶ እርሷን ትቶ በፈጣኑ ኳስ ብቻ ለመሥራት ቆረጠ። መቺዎቹ ምን እንደሚመጣ ያውቃሉ፤ መምታት ግን አልቻሉም። በአራተኛው ዙር የዶጀርሱ ሉ ጆንሰን ከካት የተወረወረውን መትቶ ከሜዳው ውጭ ሰደደው፤ ወዲያው አንድ ነጥብ ተጨመረ፤ ካትም ተነሣ። በአምስተኛው ዙር ትዊንሶች ሁለት ሰው አስገብተው ሳለ ዞይሎ ቨርሳዬስ አጥብቆ የመታትን ኳስ ጂም ጊሊያም ባይዛት ኖሮ ታሪኩ ሌላ በሆነ ነበር። በዘጠነኛው ዙር አንድ ሰው ሜዳ ላይ ቆሞ ሳለ ኮፋክስ የመጨረሻዎቹን ሁለት መቺዎች አስቶ አሰናበተ፤ 2 ለ 0። ድራይስዴል አልተጠራም።

ይኸው ጥያቄ ከ49 ዓመት በኋላ ተመልሶ መጣ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2014 የሳን ፍራንሲስኮ አሠልጣኝ ብሩስ ቦቺ፤ ማዲሰን ባምጋርነር የተባለው ግራ እጅ ወርዋሪያቸው ሁለት ቀን ብቻ አርፎ ሳለ፤ ሰባተኛውን ግጥሚያ ለ39 ዓመቱ ለቲም ሃድሰን ሰጡ። ሃድሰን ሁለት ዙር እንኳ አልሞላም። ባምጋርነር በአምስተኛው ገብቶ አምስት ዙር ያለ ነጥብ ወረወረ፤ ካንሳስ ሲቲንም 3 ለ 2 ረቱ። ሚስተር አልስተን መጀመሪያ ያሉትን ቦቺ ኋላ አሉት፤ ሁለቱም ዋንጫ ወሰዱ። እንዲህ ያለውን ነገር በሠንጠረዥ ማስተማር ያስቸግራል። እኔ ራሴ ተቆጣጣሪ ወደ ክፍሌ ሲገባ፤ ሦስት ጥያቄ የመለሰውንና የደከመውን ያንኑ ልጅ ዓይኔ ሲፈልገው አገኘዋለሁ።

ኮፋክስ በሚቀጥለው ዓመት 27 ጊዜ አሸነፈ። ከዚያም በኅዳር ወር 1959 ዓ.ም.፤ ገና 30 ዓመት ሆኖት ሳለ፤ ከቤዝቦል በኋላ ብዙ የሚኖረው ዕድሜ እንዳለና በዚያ ዕድሜ ሰውነቱ ሙሉ ሆኖ እንዲያገለግለው እንደሚፈልግ ተናግሮ ጨዋታውን ተወ።