ያውቁ ኖሯል? ድድ ሳያምም ምራቅ የሚናገረው

የድድ ህመም አጥንት እስኪበላ ድረስ ላይሰማ እንደሚችል ያውቁ ኖሯል? የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት፣ ድዳቸው ክፉኛ የታመመ ሰዎች ከ1 ቢሊዮን በላይ ናቸው።

ራጅ የሚያሳየው የሄደውን አጥንት ነው። ሐኪሙ በጥርስና በድድ መሃል የሚሰካት ቀጭን መለኪያም የምትናገረው እስካሁን የደረሰውን ጉዳት ነው። ጉዳቱ አሁን በመካሄድ ላይ መሆኑን ሊጠቁም የሚችለው በምራቅና በድድ ፈሳሽ ውስጥ ያለ ፕሮቲን ነው።

በብዛት ከተጠኑት አንዱ ኤምኤምፒ-8 የተባለው ኢንዛይም ነው። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ምንጩ ነው፤ በአብዛኛው የሚያመነጨው ባክቴሪያው ሳይሆን ባክቴሪያውን ሊዋጋ የመጣው የራሳችን ነጭ የደም ሴል ነው። ኢንዛይሙ ድድን ከጥርስ ጋር አስሮ የያዘውን ኮላጅን ይቆራርጣል። ሴሉ ውስጥ የሚቀመጠው ተኝቶ ስለሆነ፣ ምርመራው የሚፈልገው የነቃውን ነው።

የዚህ ኢንዛይም ቤተሰብ መጀመሪያ የታወቀው በእንቁራሪት ግልገል ጭራ ነው! ግልገሉ ሲያድግ ጭራው የት ይገባል ብለው የጠየቁት ጀሮም ግሮስና ቻርልስ ላፒየር፣ በ1962 እ.ኤ.አ. ኮላጅን የሚያሟሟውን ኢንዛይም አገኙ።

በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ቲሞ ሶርሳና ባልደረቦቹ ለዓመታት የደከሙበት የኤምኤምፒ-8 ምርመራ ዛሬ አፍን በመጉመጥመጥ ይሠራል። ውጤቱ እንደ እርግዝና መመርመሪያ በመስመር ይነበባል፤ 5 ደቂቃ ገደማ ይበቃል። የታመመውን ከጤናማው የሚለየው የነቃው ኢንዛይም መጠን በሚሊ ሊትር 20 ናኖግራም ነው። የትኛው ጥርስ ዘንድ ያለው ድድ እንደታመመ ግን አይነግርም፤ ያንን የሚያገኘው አሁንም የሐኪሙ እጅ ነው።

በዓይን የሚታይ ምልክትም ሊያታልል ይችላል፤ ሲጋራ የድድን መድማት ይደብቃል። ድዳቸውን ለተነቀሱ እናቶቻችን ደግሞ መቅላቱ በንቅሳቱ ስር ላይታይ ይችላል፤ ሲፍቁ ደም ካዩ አይናቁት።

በቀን ሁለቴ የሚወሰድ 20 ሚሊ ግራም ዶክሲሳይክሊን ባክቴሪያ ለመግደል አይበቃም፤ ኤምኤምፒ-8ን ግን ይገታል። በአሜሪካ ለድድ ህመም የተፈቀደው በ1998 እ.ኤ.አ. ነው፤ የሚታዘዘውም ከጽዳት ሕክምና ጋር ነው።

የማጽዳትን ኃይል ባሳየ፣ በ1965 እ.ኤ.አ. በታተመ የዴንማርክ ጥናት ላይ፣ ጤናማ ድድ የነበራቸው 12 ሰዎች ጥርሳቸውን ማጽዳት እንዲያቆሙ ተደረገ። ከ10 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ የሁሉም ድድ ተቆጣ። ማጽዳት እንደገና ሲጀምሩ በቀናት ውስጥ ዳነ።